አምስት ኪሎ የምትመዝን የብየዳ ማሽን ሱቅ ታስከፍታለች?

ጥያቄህ ባጭሩ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ብየዳ ተምረህ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፈሃል። ዘመድ አምስት ኪሎ የምትመዝን፣ ፊቷ ላይ «200» (አምፔር ማለት ነው) የተጻፈባት ኢንቨርተር፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክስ የምትሠራ ቀላል የብየዳ ማሽን ሰጥቶሃል። በርና መስኮት የሚሠራ ሱቅ ልክፈትባት ወይስ ፋብሪካ ልቀጠር ነው የምትለው።

ሱቁን ለጊዜው ተወው። ይቺ ማሽን የምታዋጣው እየዞሩ በሚሠራ ጥገና ነው፤ የተገነጠለ የበር ማጠፊያ፣ የተሰነጠቀ የጋሪ ብረት፣ ፎቅ ላይ የላላ የደረጃ መደገፊያ። ትልቁን ባለ ትራንስፎርመር ማሽን ለዚህ ተሸክሞ የሚወጣ የለም። ሙሉ ቀን በር ማምረት ግን ሌላ ነገር ነው።

ለምን እንደሆነ ራስህ ፈትነህ እይ። ጀርባዋ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብብ፤ ከ200 ጎን 30 በመቶ ካለ፣ ከ10 ደቂቃ 3ቱን ሠርታ 7ቱን ታርፋለች ማለት ነው። ሠንጠረዥ ከሌላት «200» ጌጥ ነው። ከዚያ ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ120 አምፔር እያከታተልህ አቃጥልና የሙቀት መብራቷ በስንተኛው ደቂቃ እንደበራ ጻፍ። ለደንበኛ «መቼ ይደርሳል» የምትለው ከዚህ ቁጥር ተነስተህ ነው። ከተማው ብርድ ነው ብለህ ደግሞ አትዘናጋ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኗ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ሸዋ ሮቢት ወርደህ ፀሐይ ላይ ስትሠራ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ያቆማታል።

ጀማሪ «ማሽኑ ደካማ ነው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው። በ100 አምፔር ስትበይድ ከመስመሩ ወደ 20 አምፔር ትስባለች፤ ተራው የቤት ሶኬት ግን የሚችለው 16 አምፔር ነው። በ50 ሜትር ባለ 1.5 ካሬ (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር) ማራዘሚያ ስትሠራ 220 ቮልቱ ወደ 195 ይወርዳል፤ አርኩ (የብየዳው እሳት) ይቆራረጣል፣ ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ ያስቸግርሃል። በ4 ካሬ የሚጠፋው 10 ቮልት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብህ ለ4 ካሬ ገመድ ይሁን። ስትሠራም ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፤ እንደተጠቀለለ ከተሠራበት ግሎ ላስቲኩ ይቀልጣል።

ግድግዳው 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በ2.5 ኤሌክትሮድ ከ55 እስከ 65 አምፔር ይበቃዋል። ኤሌክትሮዱ 6013 የሚባለው ዓይነት ከሆነ የኤሌክትሮድ መያዣውን ኔጌቲቭ ላይ ሰካው፤ ቶሎ አይበሳም። ገመዶቹን ስትሰካ እስኪጠብቁ አዙር፤ የላላ መሰኪያ ማሽኗ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል።

ግራይንደር አጠገቧ አታስነሳ። ፋኗ የብረት ብናኙን ስቦ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ያከማቻል፣ እሱም ሾርት ያደርጋል። ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቃት፤ በየወሩም ነቅለህ አምስት ደቂቃ ከቆየህ በኋላ በደረቅ አየር አስነፋት።

ፋብሪካውንስ? ማመልከቻህን አስገባ፣ ጥገናውን ቅዳሜና እሑድ ሥራ። ለቅጥር ስትፈተን 7018 በሚባለው ኤሌክትሮድ ከታች ወደ ላይ በይድ ልትባል ትችላለህ፤ ያንን በዚህችው ማሽን መያዣውን ፖዘቲቭ ላይ ሰክተህ፣ በደረቀ ኤሌክትሮድ፣ በ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁራጭ ተለማመድ። ሚግ (ሽቦው በራሱ እየወጣ በጋዝ የሚበየድበትን) ግን አታስተምርህም፤ ለእሱ ከሰው ወርክሾፕ ጥቂት ሳምንት ብትረዳ ይሻላል።