የጉንዳኖቹ እስክስታ ከዘፈኑ ጋር ለምን አልገጠመም?

ሰላም ወንድሜ። «እስክስታ የሚወርዱ ጉንዳኖች አኒሜሽን ሠራሁ፤ ሥዕሉን ጨርሼ ዘፈን ስጨምርበት ከምቱ ጋር አልገጥም አለኝ» ብለሃል። እኔም በዚሁ ሦስት ወር አቃጥያለሁ።

የእኔዎቹ አንበጦች ነበሩ። መጀመሪያ ሣልኳቸው፣ ዘፈኑን ኋላ ለጠፍኩበት። ሠርግ ቤት ምቱ ካለፈ በኋላ የሚያጨበጭብ ሰው አለ አይደል? ልክ እንደሱ። ባፋጥነው፣ ባዘገየው፣ ወይ ፍንክች!

መላውን ያገኘሁት ከአንድ አሮጌ የዲዝኒ ካርቱን ነው፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ከወጣው «በግስ ኢን ላቭ»። ጥቁርና ነጭ ነው። ነፍሳት ሰው በጣለው ኮተት ይጫወታሉ፣ ሁለቱ ተፋቅረዋል፣ ቁራ ሲመጣባቸው ተባብረው ድል ያደርጉታል። አለቀ። ለታሪኩ ብለህ አትየው። ድምፁን ዘግተህ እየው፤ ምቱን ከእግራቸው ታነበዋለህ። (የሚገርመው፣ ይሄ ሲወጣ የዚያው ተከታታይ ባለቀለም ካርቱን ከወራት በፊት ታይቶ ነበር። ከጥቁርና ነጮቹ የመጨረሻው ይሄ ነው።)

ተከታታዩ «ሲሊ ሲምፎኒስ» ይባላል፤ በ1929 ነው የጀመረው። ሐሳቡን ያመጣው ሙዚቀኛው ካርል ስታሊንግ ነው። በሚኪ ማውስ ካርቱኖች ሙዚቃው ሥዕሉን ይከተል ነበር፤ እዚህ ግን ሥዕሉ ሙዚቃውን ይከተላል። ያንተም የእኔም ጥፋት እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ ቆጠራ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ማለትም 24 ነጠላ ሥዕል) ይሄዳል። አንዱን ምት 12 ፍሬም ካደረግከው በደቂቃ 120 ምት ይሆናል። 8 ካደረግከው 180። እርሳስ ከማንሳትህ በፊት እግሩ የትኛው ፍሬም ላይ መሬት እንደሚነካ ታውቃለህ ማለት ነው።

ለእኛ ችክችካ ምት ደግሞ 12 ቁጥር ምርጥ ነው። ትልቁ ምት ሦስት ቦታ ስለሚከፈል አራት አራት ፍሬም ይደርሰዋል። እኔን ያጃጃለኝ የኮምፒውተሬ ፕሮግራም ነው፤ ለካ በ25 ፍሬም ነበር የሚሄደው። በደቂቃ 120 ሲሆን አንዱ ምት 12 ተኩል ፍሬም ይሆንና፣ በ12 ስትቆጥር እያደር ይንሸራተታል። ያንተን አሁኑኑ እየው።

ዘፈኑ በማሲንቆ በቀጥታ የተቀዳ ከሆነ ምቱ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል። ያኔ ቀመሩን ተወውና እያዳመጥክ እያንዳንዱን ምት በእጅህ ምልክት አድርግበት። ከቻልክ ግን ተጫዋቹ ሜትሮኖም (ምቱን እኩል እኩል የሚመታ መቁጠሪያ) እየሰማ እንዲጫወትልህ ለምነው። በነገራችን ላይ፣ እንቅስቃሴው ከድምፁ አንድ ፍሬም ቢቀድም ለእኔ የተሻለ ገጥሞልኛል።

ስድስቱንም እግር አታስጨፍር፣ ታብዳለህ። በሁለቱ አቁመውና ደረቱን ስበቅ።

የሣልከውን ደግሞ አትጣል። ደረቱ ወደ ፊት የወጣበትንና ወደ ኋላ የተመለሰበትን ብቻ ለይና ምቶቹ ላይ አስቀምጥ። መሃል ያሉትን እንደገና ሣላቸው። ከእኔ አንበጦች አርባ ሥዕል ያህል ተርፎልኛል፤ ሌላው ቅርጫት ገባ።