ስለ ዲቃላ ፓይኖች ያላችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አርካንሶ ውስጥ ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው፣ ባለፈው ፓይን (መርፌ የመሰለ ቅጠል ያለው ዛፍ) ሰው ሳይነካው እርስ በርሱ ይዳቀላል ብዬ ስጽፍ ብዙ ሰው ጠየቀኝ፣ ዛሬ እረፍት ስለሆንኩ የቻልኩትን ልመልስ። የማወራው ስለ ሀበሻው ጽድ ሳይሆን እዚህ አሜሪካ ደቡብ ስላሉት ሎብሎሊ፣ ሾርትሊፍና ሎንግሊፍ ስለሚባሉት የፓይን ዓይነቶች ነው።

ጥያቄ፦ ዘራቸው የተለያየ ከሆነ ማን ነው የሚያዳቅላቸው?

ነፋስ ነዋ። በጸደይ የፓይን ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል አይደል፣ እሱ ነው። ሎብሎሊ ብናኙን ቀድሞ ይለቃል፣ ሾርትሊፍ ሳምንታት ቆይቶ ይከተላል፣ ድሮ ብዙም የማያገናኛቸው አንዱ ይሄ ነበር። ግን አየሩ ሲዛባ ጊዜያቸው ይጋጠማል፣ ደግሞ ሎብሎሊ ለጣውላና ለወረቀት ተብሎ ድሮ ባልነበረበት ቦታ ሁሉ ስለተተከለ ሾርትሊፉ ጎረቤት በዛበት።

ጥያቄ፦ ዲቃላው እንደ በቅሎ መካን ነው?

አይደለም፣ ችግሩም እሱ ነው። ዘሩ ይበቅላል፣ ተመልሶም ከእናት ወይ ከአባት ዘር ጋር ይዳቀላል፣ እንዲህ እያለ ንጹሁ ሾርትሊፍ ይሳሳል። በ1950ዎቹ ከተሰበሰበ ዘር የበቀሉ ሾርትሊፎች ዲኤንኤ ሲታይ ዲቃላው 3 በመቶ ገደማ ነበር፣ በ2000ዎቹ ግን ወጣቶቹ ላይ 45 በመቶ አካባቢ ደረሰ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ምሥራቅ ቴክሳስ ትንሽ መሬት አለችኝ፣ ሾርትሊፍ መሀል ከሌሎቹ ቀድሞ የሚመዘዝ ችግኝ አየሁ፣ ዲቃላ ከሆነ ፈጥኖ ያድጋል ይሉኛል፣ ልተወው?

በመጀመሪያ ዲቃላ ሁሉ ከወላጆቹ ይበልጣል የሚባለው እዚህ አይሠራም፣ አብዛኛው በሁለቱ መሀል ነው፣ ከሾርትሊፍ ይፈጥናል ከሎብሎሊ አይበልጥም። ሁለተኛው ግን ቁመቱን ትተህ ሥሩን እየው። ንጹህ የሾርትሊፍ ችግኝ አጠገብ ተንበርከክና ረግፎ የተከማቸውን ቅጠልና አፈሩን በጣትህ ጠረግ ጠረግ አድርግ፣ ግንዱ ከመሬት ሲወጣ እንደ ከዘራ እጀታ ተጣሞ ታገኘዋለህ። እዚያ ጥምዝ ላይ እንቅልፍ ላይ ያሉ እንቡጦች አሉ፣ አፈሩ ሸፍኗቸዋል። እሳት መጥቶ ላዩን ቢፈጀው ከዚያ ያቆጠቁጣል። ሎብሎሊ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ዲቃላው ደግሞ ጥምዙ ላላ ይላል፣ እንቡጡ ከአፈር በላይ ይቀርና እሳቱ ያገኘዋል። ድሮ በየጥቂት ዓመቱ እሳት ሲያልፍ ዲቃላውን በልጅነቱ እያጠፋ ሾርትሊፉን ያስቀርለት ነበር፣ ሰው እሳቱን ሲከለክል ያ አጥር ፈረሰ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ዲቃላው ዛሬ ሲያዩት ለምለም ነው፣ በደረቅ ዓመት እሳት ቢነሳ ግን እንደ ሾርትሊፍ መልሶ አያቆጠቁጥም።

ጥያቄ፦ በዓይን ይለያል?

መገመት ይቻላል። ሾርትሊፍ አጠር ያለ ቅጠል አለው፣ በአብዛኛው ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ሎብሎሊ ረጅም ነው፣ ሦስት ሦስት። ዲቃላው ይደበላልቀዋል፣ ደጋግሞ ከሾርትሊፍ ጋር የተዳቀለውን ደግሞ ዲኤንኤ ካልሆነ እኔም አልለየውም።

ጥያቄ፦ ሎንግሊፍስ ይዳቀላል?

ይዳቀላል፣ ከሎብሎሊ ጋር፣ ሶንደርገር ፓይን ይሉታል፣ ስሙን ያገኘው ከሉዊዚያና የደን ኃላፊ ነው። የሎንግሊፍ ችግኝ ዓመታት ግንድ ሳያወጣ እንደ ሣር ቁጭ ይላል፣ ያን ጊዜ ሥሩን ነው የሚሠራው። ሶንደርገሩ ግን በመጀመሪያው ዓመት ብድግ ይላል፣ መደቡ ላይ ሣር የመሰለ ነገር ሞልቶ አንዱ ብቻውን ቆሞ ስታዩት እሱ ነው፣ እኛ ነቅለን ነው የምናወጣው።

ጥያቄ፦ ምንም ጥቅም የለውም ማለት ነው?

አለው እንጂ! ሎብሎሊን ግንዱን የሚያሳብጥ ፉዚፎርም የሚባል ዋግ አለ፣ ሾርትሊፍ ይቋቋመዋል፣ ከሾርትሊፍ የተዳቀለውም ከሎብሎሊ የተሻለ ይቋቋማል። ለጣውላ ብቻ ከሆነ የምትተክሉት አልከራከርም።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ያለው ፓቱላ ከኛ ጽድ ጋር ይዳቀላል?

በፍጹም። ፓቱላ ከሜክሲኮ የመጣ ፓይን ነው፣ ጽድ ሌላ ቤተሰብ ነው፣ ዝግባም እንደዛው። ብናኙ ቢያርፍባቸውም ምንም አይፈጠርም።

ጥያቄ፦ የቴክሳሱ ነኝ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?

ሾርትሊፍ ማቆየት ከሆነ ሐሳብህ፣ ያን ችግኝ ሥሩን አይተህ ቀጥ ያለ ወይም ጥምዙ የላላ ከሆነ አውጣው። ከዚያ የስቴቱን የደን ቢሮ ጠይቅና ሆን ተብሎ የሚለኮሰውን እሳት በባለሙያ አስለኩስ፣ ብቻህን እንዳትሞክረው።