መርከባችሁ ሆኒያራ ከቆመች

ከባሕር ዳሩ የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተመርቃችሁ በውጭ መርከቦች ሞተር ክፍል ለምትገቡ ልጆች ነው የምጽፈው። ከእናንተ አንዳንዱን ሥራው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ወዳሉት ሰሎሞን ደሴቶች፣ ሆኒያራ ወደብ ያደርሰው ይሆናል። ሾር ሊቭ፣ ማለትም ወደ የብስ የመውረጃ ፈቃድ፣ ከተሰጣችሁ ገበያ ዞራችሁ ብቻ አትመለሱ።

ከከተማዋ ፊት ያለውን ባሕር አይረን ቦተም ሳውንድ (ወለሉ ብረት የሆነ ወሽመጥ እንደ ማለት) ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1942 እስከ የካቲት 1943 ጃፓንና አሜሪካ ሆኒያራ ባለችበት በጓዳልካናል ደሴት ሲተናነቁ የሰጠሙ በርካታ መርከቦች ሥሩ ተኝተዋል። አስጎብኚ ብትይዙ ክሩዘር ስለሚባሉት ትልልቅ የጦር መርከቦችና ስለ አድሚራሎቹ ያወራላችኋል። እናንተ ግን ወደ ምዕራብ፣ ቦኔጊ ወደሚባለው ዳርቻ ሂዱ። ለባለርስቶቹ የመግቢያ ክፈሉ፤ አትከራከሩ፣ መሬቱ የእነሱ ነው።

እዚያ ኪኑጋዋ ማሩ አለች። እንደ እኛዎቹ ዕቃ ጫኝ እንጂ የጦር መርከብ አልነበረችም። በኅዳር 1942 ወታደርና ስንቅ ይዘው ከተነሡት 11 የጃፓን መርከቦች ደሴቱ የደረሱት 4 ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ጭነታቸውን ለማራገፍ ሆን ብለው ከዳርቻው ጋር ተላተሙ። አንዷ እሷ ናት። ከውኃው በላይ ብቅ ያለው ሞተሯ ነው። ዝገትና ኮራል ቢወርሰውም ለኛ ሙያ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ሞተሩን ዘይት የሚቀባው ሠራተኛ የት እንደሚቆም፣ መሰላሉ በየት በኩል እንደነበር ስገምት ቆየሁ። ሞተር ክፍል ያለ ሰው ቦንብ የሚጥልበትን አውሮፕላን አያይም። ከላይ ትእዛዝ ሲመጣ ፍጥነት ይጨምራል፣ በቃ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጠቅላላው ከ60 ሺህ በላይ የጃፓን ንግድ መርከበኞች አልቀዋል፤ ስለ ጦርነቱ ሲወራ እነሱን የሚያነሣ ግን ብዙ አልገጠመኝም።

የአገሬውንም ሰው እንደ ተመልካች አትቁጠሩት። ጃኮብ ቩዛ የሚባል ጡረተኛ ፖሊስ ጃፓኖች ይዘው አስረው በሳንጃ ወግተውት፣ አምልጦ ደሙን እያዘራ ሄዶ ጥቃት እየመጣ መሆኑን ለአሜሪካኖቹ ተናግሯል። ከቁስሉም ድኗል።

ደግሞ የወደቀ ብረት አታንሡ፣ ለማስታወሻ ብላችሁም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በ2020 የጦርነቱን ቅሪት ፈንጂ ሲመዘግቡ የነበሩ ሁለት ባለሙያዎች እዚያው ሆኒያራ ሞተዋል። በ2021 ደግሞ ለምግብ እሳት ከተነደደበት መሬት ሥር የነበረ ቦንብ ፈንድቶ ሰው ገድሏል።

ለቦኔጊ ግማሽ ቀን ይበቃል። ኮራሉ እግር ይቆርጣልና ወፍራም ጫማ አድርጉ። የሥራ ተራችሁን ጉዳይ ከሰከንድ ኢንጂነሩ፣ ከሞተር ክፍሉ ሁለተኛ ኃላፊ፣ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ጭነቱ ቶሎ ካለቀ መርከቧ አትጠብቃችሁም።