ሳሎኗን ሞቅ ባለ ቤዥ ለመቀባት ላሰበችው እህታችን

«ሳሎኔን ሞቅ ያለ ቤዥ ልቀባ ነው፤ ሶፋዬ ግራጫ፣ በሮቼ ነጭ ናቸው፤ ቢጫ ሆኖ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ» ላልሽው እህታችን፦ ቀቢው፤ የቀለም ናሙና ካርድ ላይ ብቻ አይተሽ ግን አትግዢ። የራሴንም የወንድሜንም ቤት በዚህ ቀለም አስቀብቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ቤዥ የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሥሩ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይ ግራጫ አለበት። ለብቻው ስታዪው አያስታውቅም፤ ነጭ ወረቀት አጠገቡ ስታደርጊበት ጉዱ ይወጣል። ወደ ሮዝ የሚያደላው ከግራጫ ሶፋ ጀርባ ሲሆን የቁስል ፕላስተር ይመስላል፣ በፍጹም አትንኪው። ላንቺ የሚሆነው ወደ ግራጫ ያዘነበለው ነው።

ትንሽ ቀለም ገዝተሽ ትልቅ ካርቶን ሁለት ጊዜ ቀቢ። ግድግዳው ላይ በቀጥታ ከሞከርሽው የድሮው ቀለም ዙሪያውን ከቦ ዓይንሽን ያታልልሻል። ካርቶኑን መስኮቱ አጠገብ፣ ጨለም ያለው ጥግ፣ ሶፋው ጀርባ እያዞርሽ ጠዋትም ማታም እዪው። እርጥብ ሳለ አትፍረጂ፤ የውሃ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ሲደርቅ ጠቆር ይላል። አራቱም ግድግዳ ሲቀባ ደግሞ ከካርዱ የበለጠ ጠንከር ብሎ ይታያል፤ በሁለት መሀል ከዋለልሽ ፈካ ያለውን ያዢ።

ብዙ ሰው የሚረሳው አምፖሉን ነው። ወንድሜ ቤት ሳሎኑና ኮሪደሩ ከአንድ ባልዲ ተቀብተው እንግዳ ሁሉ «ለምን ሁለት ዓይነት ቀባችሁ?» ይላል። ሳሎኑ 2700 ኬልቪን አምፖል ስላለው (ኬልቪን የብርሃን መልክ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል) ወደ ወርቃማ ይሄዳል፤ ኮሪደሩ 6500 ስለሆነ ቀለሙ ሙቀቱን አጥቶ አመድማ ሆኗል። ቢጫነቱን ከፈራሽ 3000 ወይም 3500 ይሻልሻል። አምፖሉን ቀድመሽ ቀይሪና ከዚያ ቀለም ምረጪ።

ነጭ በሮችሽ ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ ከሆነ ቤዡን ቆሻሻ ያስመስሉታል። ካርቶኑን በሩ ላይ አስደግፈሽ እዪው። ኮርኒሱን እንደ አዲስ የምትቀቢ ከሆነ ለስላሳ፣ ወደ ክሬም የሚጠጋ ነጭ ይሁን።

ለሳሎን የማያብለጨልጭ ማት ይበቃል፤ የስቱኮውን ጉድለትም ይደብቃል። ሕፃናት እጃቸውን የሚያሳርፉበት ኮሪደር ግን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል የማይለቅ፣ ትንሽ የሚያብለጨልጭ ሳቲን ይፈልጋል።

መጋረጃውን ከግድግዳው ጋር አንድ ለማድረግ አትድከሚ፣ አይገጥምም። አንድ ደረጃ ፈካ ወይም ጠቆር ያለ አድርጊው። ሁሉ ነገር ቤዥ ሲሆን ክፍሉ ይደክማል (ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ የሚወዱትም አሉ)። ጥቁር ፍሬም፣ ጠቆር ያለ የእንጨት ጠረጴዛ ወይም የወይራ አረንጓዴ ትራስ ብታስገቢ ግን ግራጫው ሶፋም ቦታውን ያገኛል።

ስትገዢ የባልዲዎቹ የምርት ዙር ቁጥር (ባች) አንድ መሆኑን አረጋግጪ። ካልሆነ ቀቢው ሁሉንም ትልቅ በርሜል ውስጥ ደባልቆ ይጀምር፤ የተረፈውን ለጥገና ክዳኑን አጥብቀሽ አስቀምጪ።