ክረምት ላይ አልጫር ያለ ክብሪት

እህቴ፣ «ሱቄ ያለው ክብሪት ክረምቱ ከገባ ወዲህ አልጫር ብሎ ደንበኛ እየመለሰብኝ ነው፣ ከሰል ዳር ላድርቀው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ከሰል ዳር እንዳታስጠጊው! እኔ ከፍዬበታለሁ።

1. መጀመሪያ ፍሬውን ሳይሆን ሳጥኑን እዪ። ብዙ ሰው እሳቱ ያለው የፍሬው ራስ ላይ ብቻ ይመስለዋል። ራሱ ላይ ያለው ፖታሲየም ክሎሬት፣ ድኝና ማጣበቂያ ነው። ቀይ ፎስፎረሱ ያለው ሳጥኑ ጎን ላይ ነው፣ ከብርጭቆ ዱቄት ጋር ተለጥፎ። ስትጭሪው በሰበቃው ሙቀት ከቀዩ ጥቂቷ ወደ ነጭ ፎስፎረስ ትለወጣለች። ነጩ ደግሞ አየር ሲያገኝ ራሱ ይነዳል። እሱ ክሎሬቱን ያነሳዋል፣ ክሎሬቱ ኦክስጅን ይለቃል፣ ድኙ ይያያዛል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የድኙ ነው። ግድግዳ ላይ ሲጫር እምቢ የሚለውም ቀይ ፎስፎረሱ እዚያ ስለሌለ ነው። ስለዚህ አንድ ፍሬ አውጪና ደረቅ ሳጥን ላይ ሞክሪ። ከነደደ የታመመው የሳጥኑ ጎን ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንቱን ደህና ፍሬ ጣልኩ!

2. ከወለል አንሺው። እኔ ሰኔ ላይ አንድ ካርቶን ገዝቼ ሲሚንቶው ላይ፣ ከጨው ጆንያ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጨው በክረምት እንዴት እንደሚያልበው ታውቂያለሽ። ነሐሴ ላይ ሳጥኑን ስነካው እንደ ረጠበ ዳቦ ልስልስ አለ። ተሸክሜ አከፋፋዩ ጋ ሄድኩ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ክብሪት የገዛኸው ልትጭረው ነው ልታጥበው?» አለኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። ደረሰኝ አለኝ ብለው «እሱን ጫረዋ!» ብሎ አሳቀብኝ።

በዚያ ንዴት ቤት ገባሁና ከሰል አቀጣጠልኩ። ፍሬዎቹን ትሪ ላይ ዘርግቼ ከምድጃው በላይ ያዝኩ። አንዷ ቡፍ አለች። ከዚያ ሁሉም ባንዴ! ክሎሬቱ ኦክስጅኑን ራሱ ይዞ ስለሚመጣ አንዷ ከተነሳች ጎረቤቷን ይዛ ነው የምትሄደው፤ የፍሬው ራስ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ክዳን ብትደፊበትም አይታፈንም። ትሪው ጠቆረ፣ ቅንድቤ ተላጨ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «መምህር» ትለኛለች፣ የኬሚስትሪ ማለቷ ነው።

3. እንግዲህ ማድረቅ ከሆነ ሳጥኖቹን ገልጠሽ፣ ከእሳት አርቀሽ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ላይ አቆዪያቸው። ራሱ የተፈረፈረውን ተይው። የተረፈውን ከነሳጥኑ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተሽ ክዳኑን ግጠሚ፣ የእንጨት መደርደሪያ ላይ አድርጊ። ከጨው አርቂ፣ ደግሜ ልንገርሽ፣ ከጨው አርቂ።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ የኔ ክብሪት በአንድ ጭረት ነው። ያ አከፋፋይ እንኳ ነሐሴ ላይ ልጁን ልኮ ሁለት ሳጥን አስገዛኝ። ዋጋ አልቀነስኩለትም።