የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዳንቴን ለነፍስ ጥቅም ማንበብ

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ «ዕድሜዬ 35 ነው፤ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች የጣሊያናዊውን ባለቅኔ የዳንቴን መለኮታዊ ኮሜዲያ በእንግሊዝኛ ትርጉም ገዛሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ለመንፈሳዊ ሕይወት ይጠቅማል ብላኝ ነበር። የሲኦሉን ክፍል በብዙ ድካም ጨረስሁ፤ ነገር ግን ከፍርሃትና ከሰው ስቃይ በቀር ያገኘሁት የለም። ይባስ ብሎም የማውቃቸውን ሰዎች ኃጢአተኞች በሚቀጡባቸው የሲኦሉ ክበቦች እያስቀመጥሁ ማንበብ ጀምሬ ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው ወይስ የመጽሐፉ? ደግሞስ እንደ እኔ ያለች የኦርቶዶክስ ልጅ ቤተ ክርስቲያኗ ያላስተማረቻትን የመንጻት ስፍራ የሚተርክ መጽሐፍ ለነፍሷ ብላ ማንበብ ትችላለች?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። የሚያውቋቸውን ሰዎች በየክበቡ ያስቀምጡ እንደ ነበር የጻፉትን ግን ከሁሉ አስበልጬ ያዝሁት፤ ብዙ አንባቢ የሚያደርገውን፣ ጥቂት አንባቢ የሚናዘዘውን ነገር ጽፈዋልና። ችግሩ ያቆሙበት ቦታ ይመስለኛል። ኮሜዲያው ካንቶ የሚባሉ 100 ክፍሎች ያሉት አንድ ግጥም ሲሆን፣ 34ቱ የሲኦል፣ 33ቱ የመንጻት ተራራ፣ 33ቱ የገነት ናቸው። እርስዎ ሕመሙ የተነገረበትን ክፍል አንብበው፣ መድኃኒቱ ከሚጀምርበት ገጽ በፊት መጽሐፉን ዘግተውታል።

ከመጀመሪያው መስመር እንነሣ። ዳንቴ አሊጊዬሪ እ.ኤ.አ. በ1265 በፍሎረንስ ተወለደ፤ በግጥሙ የተተረከው ጉዞ ደግሞ የሚካሄደው በ1300 የፋሲካ ሰሞን ነው። ስለዚህ «በሕይወታችን መንገድ አጋማሽ ላይ» ብሎ ሲጀምር 35 ዓመቱ ነው ማለት ነው፤ ይህም በዳዊት 89ኛው መዝሙር ሰባ ዓመት የተባለው የሰው ዕድሜ እኩሌታ ነው። እርስዎም በዚያው ዕድሜ ላይ ነዎትና፣ «ሕይወቴ» ሳይሆን «ሕይወታችን» ማለቱን ልብ ይበሉ። ከጨለማው ጫካ ወጥቶ ፀሐይ ያረፈችበትን ኮረብታ በቀጥታ ለመውጣት ሲሞክር ነብር፣ አንበሳና ተኩላ መንገዱን ይዘጉበታል። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳለ ከሩቅ የጥንቱን ሮማዊ ባለቅኔ፣ ኋላ መሪና መምህር የሚሆነውን የቨርጂልን ጥላ ያያል፤ ያን ጊዜ ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ማረኝ» የሚል ነው። ቃሉን የሚናገረው በላቲኑ መዝሙረ ዳዊት 50ኛው መዝሙር በሚጀምርበት ቃል ነው፤ እኛ «ተሣሃለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» እያልን የምንጸልየው ያው መዝሙር ማለት ነው። እንግዲህ ጉዞው የሚጀምረው በንስሓ ቃል ነው፤ ይህ ያመለጠው አንባቢ ሲኦሉን እንደ ትርኢት መመልከቱ አይቀርም።

የሲኦሉን ክፍል አንድ ጊዜ ሲመለሱበት 5ኛውን ካንቶ በዝግታ ያንብቡልኝ። በባሏ ወንድም ፍቅር የወደቀችው ፍራንቼስካ ታሪኳን በሚያሳዝን ውበት ትናገራለች፤ ፍቅር እንደዚህ አደረገን ትላለች፣ አብረን ያነበብነው መጽሐፍ አሳተን ትላለች፣ «በድያለሁ» የሚል ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። ዳንቴም ሰምቶ እንደ በድን ይወድቃል። እርሱ ራሱ በወጣትነቱ የፍቅር ግጥም ጸሐፊ ነበርና፣ ራሱን ስቶ የወደቀው የገዛ ድምፁን በእርሷ አፍ ስለ ሰማ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለቅኔው በሲኦል ውስጥ የሚያልፈው እንደ ዳኛ ብቻ ሳይሆን እንደ ተከሳሽም ነው። የሲኦሉ የመጨረሻ ጥልቀትም እሳት ሳይሆን በረዶ ነው፤ ሰይጣን ክንፎቹን ባራገበ ቁጥር የሚነሣው ነፋስ ውኃውን ያረጋዋል፣ ከሐዲዎችም በዚያ በረዶ ውስጥ ተቀርቅረው ይኖራሉ። የኃጢአት ፍጻሜ ፍጹም የፍቅር መቀዝቀዝ መሆኑን በዚህ ያሳየናል።

አሁን ወደ ተራራው እንሂድ፤ ስለ መንፈሳዊ እድገት ለሚጠይቅ ሰው የግጥሙ ልብ እዚህ ነውና። ተራራው ሰባት እርከኖች አሉት፤ ከታች ወደ ላይ ትዕቢት፣ ምቀኝነት፣ ቍጣ፣ ስንፍና፣ ስስት፣ ሆዳምነትና ዝሙት ይታከሙበታል። በሩ ላይ የቆመው መልአክ በሰይፉ ጫፍ በዳንቴ ግንባር ላይ ሰባት ፊደላት ይጽፋል፤ ፊደሉ ኃጢአት ለሚለው የላቲን ቃል መነሻ የሆነው ነው። በየእርከኑ መጨረሻ አንዱ ፊደል ይጠረግለታል። እጅግ የምወደው ግን የመጀመሪያው ፊደል ሲጠፋ የሆነውን ነው፦ ዳንቴ ሰውነቱ እንደ ቀለለው ይሰማዋል፣ ምን ዓይነት ሸክም እንደ ተነሣለት መምህሩን ይጠይቃል፣ መልሱን ከሰማ በኋላም በጣቶቹ ግንባሩን ዳስሶ ስድስት ፊደላት ብቻ ያገኛል፤ ቨርጂልም ይህን አይቶ ፈገግ ይላል። መንፈሳዊ እድገት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰውየው መቅለሉን እንጂ ምን እንደ ተወሰደለት ወዲያው አያውቅም።

በትዕቢተኞቹ እርከን ነፍሳት ከባድ ድንጋይ ተሸክመው ጎብጠው ይሄዳሉ፤ አቡነ ዘበሰማያትንም አስፋፍተው ይጸልያሉ፤ ስለ ፈተና የሚለውን የመጨረሻውን ልመና የሚያቀርቡት ግን ለራሳቸው ሳይሆን በምድር ለቀሩት ለእኛ ነው። ከእነርሱ አንዱ ኦዴሪዚ የተባለ፣ የብራና መጻሕፍትን በሐረግና በሥዕል የሚያስጌጥ ሰው ነው። ዳንቴ ሲያመሰግነው፣ ዛሬ ከእርሱ ይልቅ የሌላው ሠዓሊ ገጾች እንደሚያምሩ ይመልስለታል፤ በሕይወት ሳለ ይህን ቃል ፈጽሞ እንደማይናገር ራሱ ያምናል። የዓለም ዝናም አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ የሚነፍስ፣ አቅጣጫው ሲለወጥ ስሙ የሚለወጥ ነፋስ መሆኑን ይነግረዋል። ታዲያ ይህን የሚሰማው ዳንቴ ቀና ብሎ አይሄድም፤ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ከዚያ ሸክም ተሸካሚ ጎን ጎንበስ ብሎ ይራመዳል። ጥቂት ቆይቶም የምቀኞቹ ቅጣት ብዙ እንደማያሰጋውና የትዕቢተኞቹ ሸክም ግን ከአሁኑ እንደሚከብደው በግልጽ ይናዘዛል። የሚያውቋቸውን ሰዎች በየክበቡ ከማስቀመጥ የሚያድነው ንባብ ይህ ይመስለኛል፦ በየእርከኑ ሲደርሱ «እኔ የቱ ጋ እጎብጣለሁ?» ብሎ መጠየቅ።

ሌላም የሚያጽናናን ነገር አለ። በሰባቱም እርከኖች ለምሳሌ የሚቀርበው የመጀመሪያው በጎ ሥራ ከእመቤታችን ሕይወት የተወሰደ ነው፤ ምቀኝነት በሚታከምበት ስፍራ በአየር ላይ የሚሰማው ድምፅ በቃና ዘገሊላ የተናገረችው «ወይን እኮ የላቸውም» የሚለው ቃል ነው። የግጥሙ የመጨረሻ ካንቶም ቅዱስ በርናርዶስ ለእርሷ በሚያቀርበው ጸሎት ይጀምራል። በውዳሴ ማርያም ያደገ ሰው በዚህ ቦታ እንግድነት አይሰማውም።

ስለ ሃይማኖት ጥያቄዎ፦ ከሞት በኋላ የመንጻት ሥቃይ አለ የሚለው ትምህርት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ የሊዮኑ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1274 ደንግጎታል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በፍትሐትና በተዝካር ለሙታን ትጸልያለች እንጂ ይህን ተራራ አታስተምርም፤ ልዩነቱን አድበስብሶ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ሆኖም ባለቅኔው ራሱ ሌላ የንባብ በር ከፍቶልናል። ኮንቪቪዮ በተባለው የስድ ንባብ ሥራው አንድ ጽሑፍ አራት ፍቺ ሊኖረው እንደሚችል ሲያስረዳ፣ እስራኤል ከግብፅ መውጣቱን የሚናገረውን መዝሙር ምሳሌ ያደርጋል፤ ታሪኩ እውነት ሆኖ ሳለ፣ መንፈሳዊ ፍቺው ነፍስ ከኃጢአት ወጥታ ቅድስትና ነጻ መሆኗ ነው ይላል። ይህ በእኛ ዳዊት 113ኛው መዝሙር ነው፤ በኮሜዲያውም ወደ ተራራው በጀልባ የሚደርሱት ነፍሳት በአንድ ድምፅ የሚዘምሩት እርሱኑ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ፣ አንድምታ ሲተረጎም ለሰማ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ተራራውን ሰም፣ በዚህ ዓለም የሚፈጸመውን ንስሓ ወርቅ አድርገው ያንብቡ። መጽሐፈ መነኮሳትን የሚያውቁ አባቶች ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና እያሉ የሚያስተምሩትን ጎን ለጎን ቢይዙ ደግሞ የበለጠ ይጠቀማሉ፤ ሁለቱ መንገዶች በሁሉ ነገር አንድ አይደሉም፣ ነገር ግን ሁለቱም ነፍስ በደረጃ እንደምትነጻ ይናገራሉ። ለንስሓ አባትዎ ምን እያነበቡ እንደሆነ መንገርንም አይተዉ።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ «በየቀኑ የየካቲት 12 ሐውልትን እያለፍሁ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። በዚህ ከተማ የጣሊያንን ግጥም የነፍስ መምህር ማድረግ አይከብድም?»

መልስ፦ ይከብዳል፤ ሊከብድም ይገባል። በ1929 ዓ.ም. በዚህ ከተማ የፈሰሰው ደም በግጥም የሚታጠብ አይደለም። ዳንቴ ግን ከዚያ ከ600 ዓመታት በፊት በስደት የሞተ፣ የገዛ ከተማው በእሳት እንዲቃጠል የፈረደችበት፣ ሥልጣንን ለገንዘብ የሸጡ ጳጳሳትን በሲኦል ያስቀመጠ ሰው ነው። የገነትን 19ኛ ካንቶ ያንብቡ። በዚያ ስፍራ «ክርስቶስ፣ ክርስቶስ» እያሉ የሚጮኹ ብዙዎች በፍርድ ቀን ክርስቶስን ካላወቀው ሰው ይልቅ ከእርሱ የራቁ እንደሚሆኑ ይነገርና፣ እንደነዚህ ባሉት ክርስቲያኖች ላይ ኢትዮጵያዊው እንደሚፈርድባቸው ይጨመራል። ባለቅኔው «ኢትዮጵያዊ» ሲል ወንጌል ያልደረሰውን የሩቅ ሰው ማለቱ ነው፤ በዚህ ተሳስቷል፣ አክሱም ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስቲያን ነበረችና። ቃሉ ግን ንግሥተ ዓዜብ በፍርድ ቀን ተነሥታ በዚያ ትውልድ ላይ እንደምትፈርድ የሚናገረውን የማቴዎስ ወንጌል ያስታውሳል። መስቀል በአንገታቸው አስረው ይህን ከተማ ያቃጠሉት ሰዎች ይህን መስመር በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ ይችሉ ነበር።

ጥያቄ (የቀድሞ የዶሮ ማነቂያ ነዋሪ)፦ «ጡረተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር ፈርሶ አሁን ከከተማው ዳር ነው የምኖረው፤ ጊዜ ግን አለኝ። በቀን ምን ያህል ላንብብ? ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ አባቴ፣ በቀን አንድ ካንቶ ይበቃል፤ አንዱ ካንቶ 140 ያህል መስመር ነው። በዐቢይ ጾም፣ ከመጻጕዕ እሑድ ማግስት ሰኞ ዕለት የሲኦልን የመጀመሪያ ካንቶ ይጀምሩ። በየቀኑ አንድ ካንቶ ካነበቡ 34ኛው በቀዳም ሥዑር ያልቃል፤ የፋሲካ ጠዋት የተራራውን የመጀመሪያ ካንቶ ይከፍታሉ። ባለቅኔው ከሲኦል ጨለማ ወጥቶ ከዋክብትን ዳግመኛ አይቶ በተራራው ግርጌ የሚቆመው በግጥሙም በትንሣኤ ዕለት ንጋት ነው። የሲኦሉ ክፍል ቢከብድዎ አያቁሙ፤ በተራራው ላይ አንዱ ሕግ መንገዱ ሲጀመር ከባድ፣ በወጡት ቍጥር ግን ቀላል መሆኑ ነው። ሌላው ሕግ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወደ ላይ መውጣት አለመቻሉ ነው፤ ስለዚህ ማታ ዓይንዎ ሲደክም መጽሐፉን ያለ ጸጸት ይዝጉ።

በዚህ አቈጣጠር ከፋሲካ ጀምሮ በ50ኛው ቀን፣ በጰራቅሊጦስ ዕለት፣ የሚደርስዎ የገነት 17ኛው ካንቶ ነው። በዚያ የዳንቴ ቅድመ አያት አባት ካቻግዊዳ ለልጅ ልጁ ስለሚመጣበት ስደት ይነግረዋል፦ ከሁሉ የምትወደውን ነገር ትተህ ትሄዳለህ፤ የሰው እንጀራ ምን ያህል ጨው ጨው እንደሚል፣ የሰውን ቤት ደረጃ መውጣትና መውረድም ምን ያህል ከባድ መንገድ እንደሆነ ትቀምሳለህ ይለዋል። ከዚያ ግን ዝም በል አይለውም፤ ያየኸውን ሁሉ ሳትደብቅ ጻፍ ብሎ ያዝዘዋል። ያን ዕለት ካንቶውን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ ከጎንዎ የቀድሞ ጎረቤት ካለም እየተረጐሙ ያሰሙት።