ለጎረቤት በሽተኛ የተሰጠው ዴክሳ ለአባቴ ለምን ተከለከለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። የ67 ዓመት አባቴ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጣቸዋል። ስኳርም አለባቸው። አጠገባቸው የተኙት ሰው ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል፤ ዴክሳም ይወጋሉ። ለአባቴም እንዲሰጥልኝ ብለምን ሐኪሙ «ኦክስጅናቸው ጥሩ ስለሆነ አያስፈልጋቸውም» አሉኝ። አጎቴ ግን ሳል ይዞት ዴክሳ ወስዶ በአንድ ቀን ስለተሻለው «መናኸሪያ አካባቢ ካለው ፋርማሲ ገዝተን በድብቅ እንስጠው» ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በቅድሚያ አጎትዎን ከፋርማሲው ደጃፍ ይመልሱልኝ። ያሰቡት ለወንድማቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ዴክሳሜታሶን ተዋሕስያንን አይገድልም። ሰውነት ከእነሱ ጋር ሲታገል የሚቀሰቅሰውን ብግነት ያበርዳል፤ ትኩሳትና ቁርጥማት ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል፣ በሽተኛውም ዳንኩ ይላል። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሳይቀር ለጥቂት ቀናት እንዲሁ ሊመስለው ይችላል።

ብግነቱ ከልክ አልፎ ሳንባውን ራሱን ሲጎዳ ማብረዱ ሕይወት ያድናል። ልክ ሳያልፍ ከበረደ ግን መከላከያው ይዳከማል። ድንበሩን ያሳየን በእንግሊዝ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ-19 ሆስፒታል ከተኙት መካከል 2104ቱ በዕጣ ተመርጠው በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን እስከ 10 ቀን ወሰዱ፤ 4321ዱ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። በ28 ቀን ውስጥ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት 100 ሰዎች ይሞቱ የነበሩት 41 ወደ 29 ወረዱ። ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው በነበሩት ላይ ከ26 ወደ 23 ቀነሰ። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው ግን አልተጠቀሙም፤ እንዲያውም መድኃኒቱን ከወሰዱት 100 ሰዎች 18፣ ካልወሰዱት 100 ደግሞ 14 ሞቱ። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ቢችልም ለአባትዎ ዓይነቱ በሽተኛ ዴክሳ ለመስጠት አያደፋፍረኝም።

ዕጣ ያስፈለገው ሐኪም በራሱ ሲመርጥ ስቴሮይድ (ዴክሳ የሚመደብበት የመድኃኒት ዓይነት) የሚሰጠው በጣም ለታመመው ስለሆነ ነው። በኢንፍሉዌንዛ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በቀድሞ መዛግብት ስቴሮይድ የወሰዱት በብዛት ሞተው ይታያል፤ ገዳዩ መድኃኒቱ ይሁን ሕመሙ ግን ከመዛግብቱ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሪከቨሪ ኢንፍሉዌንዛንና ሌላውንም የሳንባ ምች በዕጣ ወደ መፈተን ገብቷል።

ለተራው ሳንባ ምች ያለን መረጃ እርስ በርሱ ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ2023 ፈረንሳይ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኙ ሰዎች ላይ ሃይድሮኮርቲሶን የተባለው ሌላ ስቴሮይድ ሞትን ከ100 ሰዎች 12 ገደማ ከነበረበት ወደ 6 አወረደ፤ በኋላ የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ግን ይህን ጥቅም አላገኘም። እኔን ይበልጥ የሳበኝ የጎረቤታችን የኬንያ ጥናት ነው። በ18 ሆስፒታሎች 2180 ሰዎች ተሳትፈውበት፣ ስቴሮይድ ሲሰጥ በ30 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ከ100 ከ26 ወደ 23 ገደማ ቀንሰዋል። መደበኛ የአዋቂዎች ክፍል ውስጥ ስለተሠራ ለእኛ ይቀርባል። ቢሆንም ከአራት አንድ ሰው የሚሞትበት ሕመምና ያለ ኦክስጅን የሚተነፍሱት አባትዎ እኩል አይደሉም፤ ከሐኪማቸው ጋር እስማማለሁ።

ስኳራቸው ደግሞ ሌላ ምክንያት ነው። ዴክሳ የደም ስኳርን በፍጥነት ያንራል፤ በድብቅ ከተሰጠ ሐኪሙ ምንጩን የማያውቀው ሌላ ችግር ያመጣል። በባዶ እግር ከአፈር የሚገባ፣ በአንጀት ውስጥ ለዓመታት የሚደበቅ ትልም አለ፤ ስቴሮይድ ሲወሰድ ወደ መላ ሰውነት ሊሠራጭ ይችላል። አባትዎ ገበሬ ከነበሩ ይህንን ለሐኪሙ ያንሱ።

ሐኪሙን ለሳንባ ነቀርሳ የአክታ ምርመራ ተደርጎ እንደሆነ ይጠይቁ። ጣት ላይ የሚለካው ኦክስጅን ከ90 በታች ወርዶ ኦክስጅን ከተጀመረ የስቴሮይዱን ጥያቄ እንደገና ያንሱ፤ ያን ጊዜ መልሱ ሊለወጥ ይችላል። አባትዎ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ከቆዩ ደግሞ ለሐኪሙ ዛሬውኑ ይንገሩ፤ በድንገት ማቋረጡ ለሕይወት ያሰጋል።